ያረጀው፣ የታደሰው ወይስ የተማረከው? የሉገር ሽጉጥ አመራረጥ ለሰብሳቢ

ሦስት ሉገር ሽጉጦች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል እንበል። የተጠየቀባቸው ዋጋ ተቀራራቢ ነው። የመጀመሪያው ላይ 1916 ተጽፎበታል። ጠርዝ ጠርዙ ተልጦ ነጩ ብረት ወጥቷል፤ የእጀታው ፊት ወደ ቡናማ አድልቷል። ሁለተኛው 1917 ይላል። ጥቁሩ ያብረቀርቃል፤ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስለው። ሦስተኛው በ1941 የተሠራ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሶቪየቶች የማረኩት። እሱም ንጹሕና ጥቁር ነው። የትኛውን ትወስዳላችሁ?

የአዲስ ገዢ እጅ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። እኔ የምመክራችሁ የመጀመሪያውን ነው፤ ያውም ሳላመነታ። ሰብሳቢ ገንዘቡን የሚከፍለው ሽጉጡ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ብረት፣ ቀለምና ቁጥር እስከ ዛሬ አብሮት ስለቆየ ነው። የተላጠ ጠርዝ የአገልግሎት ምልክት ነው። አዲስ ቀለም ግን ያንን ታሪክ ጠርጎ ያጠፋል፤ አንዴ ከጠፋ ደግሞ አይመለስም።

ሉገር የምንለው ጀርመኖች ፒ08 ብለው የሰየሙትን ነው። ኦስትሪያዊው ጌኦርግ ሉገር የሁጎ ቦርቻርትን የ1893 ሽጉጥ አሻሽሎ ሠራው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስዊዘርላንድ በ1900 በ7.65 ሚሊሜትር ጥይት ለጦሯ ተቀበለችው። የጀርመን ባሕር ኃይል በ1904፣ ምድር ጦሩ በ1908 ተከተሉ። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ባለ 9 ሚሊሜትር ፓራቤለም ጥይትም መነሻው ይኸው ሽጉጥ ነው። ሉገር በሁለት የዓለም ጦርነቶች ስለዋለና ወታደሮች ለማስታወሻ ይዘውት ስለገቡ፣ አሜሪካ ውስጥ እስከ ዛሬ በብዛት ይገበያያል።

ስለ ሕጉ ባጭሩ ላንሳ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ «ጥንታዊ» የሚባለው መሣሪያ እስከ 1898 መጨረሻ የተሠራ ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ የምታገኙት ሉገር በሕግ ዓይን ጥንታዊ አይደለም። 50 ዓመት የሞላው መሣሪያ ግን ለሰብሳቢዎች በተለየ ምድብ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ምድብ የሚሰጠው የሰብሳቢ ፈቃድ ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ያስከፍላል። የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ስለሚለያይ የምትኖሩበትን ቀድማችሁ አረጋግጡ። በኢትዮጵያ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። የአያት ሽጉጥ ቤቱ ያለ ሰው ዋጋ ከማስገመቱ በፊት የፈቃዱን ጉዳይ ይጨርስ።

ሌላው፣ የምትመረምሩት ሽጉጥ መቶ ዓመት ቢሞላውም ጥይት ሊኖረው ይችላል። ካዝናው ይውጣ፣ ሻጩ ራሱ ከፍቶ የጥይት ማደሪያውን ባዶነት ያሳያችሁ፣ ከዚያ በኋላ በእጃችሁ ያዙት።

መጀመሪያ ቁጥሮቹ

ሉገር ላይ የሰብሳቢ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቁጥር ላይ ነው። ጀርመኖች ይህን ሽጉጥ ሲሠሩ እያንዳንዱን ክፍል በእጅ እየሞረዱ ነበር የሚያገጣጥሙት። የአንዱ ሽጉጥ ክፍል ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል ቁጥር ይመቱበታል። ሙሉው ተከታታይ ቁጥር በሽጉጡ አካል ፊት ለፊት፣ ከበርሜሉ ሥር ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜም ከሥሩ አንድ ፊደል አለው። በርሜሉ ላይም ሙሉ ቁጥሩ ይደገማል። በሌሎቹ ክፍሎች ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ብቻ ይመታሉ። ወደ ላይ የሚታጠፈው መገጣጠሚያ፣ የጎኑ ክዳን፣ ምላጩ፣ መፍቻው (ሽጉጡን ለመፍታት የሚዞረው ክፍል)፣ የደህንነት መቆለፊያው፣ ሁሉም አላቸው።

ፊደሉን አትዝለሉት። ቁጥሩ 10,000 ላይ ሲደርስ እንደገና ከ1 ጀምሮ ፊደል ይጨመርበታል፤ ዓመቱ ሲለወጥም ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ ቁጥራቸው አንድ ሆኖ ፊደላቸው ወይም ዓመታቸው የተለያየ ሽጉጦች አሉ።

ሁሉም ቁጥር ከገጠመ ሽጉጡ ሳይበተን ኖሯል ማለት ነው። አንድ ትንሽ ክፍል ከተለወጠ ዋጋው ይቀንሳል፤ ግን አይወድቅም። ለምሳሌ መፍቻው ብቻ የሌላ ሽጉጥ ከሆነ ለመደራደር ጥሩ ምክንያት አገኛችሁ። በርሜሉ ወይም የላይኛው አካል ካልገጠመ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ ሽጉጥ ለሰብሳቢ ሳይሆን ለተኳሽ የሚሸጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቁጥር ማስገጠም ገንዘብ ስለሚያመጣ አንዳንዶች የቀድሞውን ሞርደው አዲስ ይመታሉ። አጉሊ መነጽርና ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። አሃዞቹ ዙሪያ ብረቱ ጎድጎድ ብሏል ወይስ እኩል ነው? የ«2» እና የ«7» አጣጣል በሁሉም ክፍሎች ላይ ይመሳሰላል? አንዱ ክፍል ላይ ምቱ ጥልቅና ስለታም፣ ሌላው ላይ የሳሳ ከሆነ ጠርጥሩ። ሁለት አሃዝ በአጋጣሚም ሊገጥም ይችላል፤ ስለዚህ «ገጥሟል» ብላችሁ ከመርካታችሁ በፊት የቀለሙን ዕድሜም አወዳድሩ።

በርሜሉና አካሉ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ሁለቱንም የምታቋርጥ ትንሽ መስመር አለች። መስመሯ በሁለቱ ላይ ቀጥ ብላ ካልተገናኘች በርሜሉ ወልቆ ወይም ተለውጦ ያውቃል። ከበርሜሉ ሥር «8,82» የሚመስል ቁጥር ብታዩ አትደናገጡ። እሱ የበርሜሉ የውስጥ ስፋት በሚሊሜትር ነው።

ካዝናውም ቁጥር ነበረው። ግን ካዝና ይጠፋል፣ ይቀያየራል። ካዝናው ከሽጉጡ ጋር ገጥሞ ከተገኘ ብርቅ ነው፤ ለእሱ የተጨማሪ ዋጋ ጥያቄ ቢመጣ ተገቢ ነው። ወታደሩ ሁለት ካዝና ስለሚሰጠው ሁለተኛው ላይ የመደመር ምልክት ይመታበት ነበር። ሁለቱንም አብሮ ያገኘ ሰው አጥብቆ ይያዛቸው።

ቀለሙ ራሱ ይናገራል

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው ቀለም ላይ ነውና ቀስ ብለን እንየው። እስከ 1937 ድረስ የሉገር ቀለም የሚመጣው በቁጥጥር ሥር ከሚዝግ ስስ ንብርብር ነበር። ሠራተኛው ብረቱ ላይ አሲድ ቀብቶ ያዝገዋል፣ ያፈላዋል፣ ይፈትገዋል፤ ይህንኑ ደጋግሞ ይሠራል። የሚወጣው ቀለም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ለስላሳ ጥቁር ነው። ይህ ቀለም የሚቀባው ውጭውን ብቻ ስለሆነ የሽጉጡ ውስጥ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ትንንሽ ክፍሎች ደግሞ በሙቀት የገለባ ቀለም ይይዛሉ፤ ምላጩ፣ የደህንነት መቆለፊያው፣ የካዝና መልቀቂያው፣ መፍቻው ቢጫ ያበራሉ። በ1937 ገደማ የሉገር አምራች የነበረው የማውዘር ፋብሪካ ብረቱን በትኩስ የጨው ገንዳ ውስጥ መንከር ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ትንንሾቹ ክፍሎችም ጥቁር ሆኑ።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደሚያብረቀርቀው የ1917 ሽጉጥ እንመለስ። ሻጩ እንዲፈታው ለምኑት። ውስጡ ሁሉ ጥቁር ከሆነ በጨው ገንዳ ተነክሯል፤ በ1917 ደግሞ ያ ገንዳ አልነበረም። ምላጩ ጥቁር ከሆነም ያው ነው። አንዳንድ አዳሾች ይህን ስለሚያውቁ ትንንሾቹን ክፍሎች ቢጫ ያደርጓቸዋል። ያኔ ቢጫው እንደ ወርቅ ቀለም አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል። የድሮው የገለባ ቀለም ግን ጣት በሚነካበት ቦታ የደበዘዘ፣ ጥጋጥጉ ላይ የቀረ ነው። በተቃራኒው የ1941 ሽጉጥ ላይ ቢጫ ምላጭ ካያችሁ አንድ ሰው «አሳምሮታል»።

ፍተጋውም የሚያጋልጠው ነገር አለ። አዲስ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ብረቱ ይፈተጋል። ሲፈተግ የአምራቹ ምልክት ይሳሳል፣ የማህተሞች ጠርዝ ይጠፋል፣ የችንካር ቀዳዳዎች አፍ ይሰረጉዳል፣ ቀጥ ያሉት መስመሮች ይድቦለቦላሉ። የማውዘር ዘመን ሽጉጦች ላይ የመቀበያ ማህተሞቹ (ጦሩ ሽጉጡን ሲረከብ የሚመታቸው) ቀለሙ ላይ ስለተመቱ ዙሪያቸው ብርሃን ያለው ከፈፍ ይታያል። ያ ከፈፍ ከጠፋ እንደገና ተቀብቷል ማለት ነው።

የመጀመሪያው፣ ያረጀው ሽጉጥ ደግሞ የሚፈተንበት የራሱ መንገድ አለው። መላጡ ከአጠቃቀሙ ጋር ይስማማል? ከአፎት ሲገባና ሲወጣ የሚፋተገው የበርሜሉ ጫፍና የጎኑ ክዳን ጠርዝ ነው። እጅ የሚይዘው ደግሞ የእጀታው ፊትና ጀርባ ነው። እነዚያ ተልጠው ሌላው ደህና ከሆነ ታሪኩ እውነት ነው። ጎድጎድ ያለ ዝገት ግን ከመላጥ የተለየ ነገር ነው። ዝገቱ ብረቱን በልቶ ጉድጓድ ከፈጠረ ዋጋውን ክፉኛ ይጎዳዋል፣ የሚታከምም አይደለም።

ስለ በርሜሉ ውስጥ ብዙ አልልም። የዚያ ዘመን ጥይት ማቀጣጠያው ብረት ይበላ ስለነበር ጠቆር ያለ በርሜል የተለመደ ነው። ለሰብሳቢ ከቀለሙና ከቁጥሩ ያነሰ ክብደት አለው። ብርሃን ሲያበሩበት ጥቁር ቀለበት ከታየ ግን በርሜሉ አብጧል፤ ተዉት።

ማን ሠራው? የትኛው ይሻላል?

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ለጀርመን ምድር ጦር የሠሩት ሁለት ናቸው። አንዱ የበርሊኑ ዲ.ደብሊው.ኤም፣ ሌላው የኤርፉርት የመንግሥት ፋብሪካ። የዲ.ደብሊው.ኤም አጨራረስ ለስላሳ ነው። ኤርፉርት በጦርነቱ ጥድፊያ ሻካራ ሆኗል፤ ግን ትንንሾቹ ክፍሎች ሳይቀሩ የዘውድ ማህተም ተመትቶባቸዋል። ውበት የሚፈልግ ዲ.ደብሊው.ኤም ይውሰድ። እኔ ብመርጥ ኤርፉርት ነው የምመርጠው፤ ክፍሎቹ የራሱ ስለመሆናቸው የሚመሰክሩት ማህተሞች ብዙ ናቸውና።

አናቱ ላይ ሁለት ዓመት፣ ለምሳሌ 1917 እና 1920፣ ያለበት ሽጉጥ ሐሰተኛ እንዳይመስላችሁ። 1920 ከጦርነቱ በኋላ የመንግሥት ንብረት መሆኑን ለመመዝገብ የተመታ ነው።

በ1930 የሉገር ማምረቻው ወደ ኦበርንዶርፍ፣ ወደ ማውዘር ሄደ። ጀርመን በስውር ስትታጠቅ የአምራቹ ስም በምስጢር ምልክት ተተካ፤ መጀመሪያ «ኤስ/42»፣ ቀጥሎ «42»፣ በመጨረሻ «ቢ.ዋይ.ኤፍ»። ዓመቱም ለጊዜው በፊደል ነበር፤ «ኬ» 1934፣ «ጂ» 1935 ነው። የ«ኬ» ሽጉጦች ጥቂት ስለሆኑ ውድ ናቸው። ከ1936 እስከ 1939 ያሉት «ኤስ/42» ግን ለጀማሪ ጥሩ ምርጫ ይመስሉኛል። በብዛት ይገኛሉ፣ አሠራራቸው ጥራት አለው፣ ማህተሞቻቸውም ለማንበብ ይቀላሉ።

የ1941 እና የ1942 «ቢ.ዋይ.ኤፍ» ጥቁር ፕላስቲክ እጀታ ሲኖረው ሻጮች «ብላክ ዊዶው» ይሉታል። ይህ ከጦርነቱ በኋላ ለሽያጭ የወጣ ስም ነው፤ በጀርመን ጦር ዘንድ እንዲህ የሚባል ሽጉጥ አልነበረም። ለስሙ ብላችሁ ጭማሪ አትክፈሉ። ፕላስቲክ እጀታ መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው።

ረጅሙ «የመድፈኛ ሉገር» ባለ 200 ሚሊሜትር በርሜል ነው፤ ማነጣጠሪያው እስከ 800 ሜትር ይላል። የባሕር ኃይሉ ባለ 150 ሚሊሜትር፣ መደበኛው ደግሞ ባለ 100 ነው። ረጅሞቹ ውድ ስለሆኑ በተራ ሽጉጥ ላይ ረጅም በርሜል የሚገጥሙ አሉ። የበርሜሉን ቁጥር ሳታነቡ አንድ ሳንቲም አታውጡ። ኤርፉርት የመድፈኛውን የሠራው በ1914 ብቻ ነው። «ኤርፉርት 1917 የመድፈኛ» ብሎ የሚያቀርብላችሁ ሻጭ ካለ መልሱን አገኛችሁ። ከኋላ የሚገጠመውን የእንጨት ሰደፍ በተመለከተ የአሜሪካ ሕግ ጥብቅ ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

ክሪግሆፍ የተባለው አምራች በ1935 ለጀርመን አየር ኃይል 10,000 ሉገር ለመሥራት ውል ወሰደ። ቁጥሩ ትንሽ፣ ሥራው የተዋጣለት፤ ስለዚህ አስመሳዩም ብዙ ነው። ለመጀመሪያ ግዢ ክሪግሆፍ አልመክርም። ልምድ ያለው ሰው አብሯችሁ ከሌለ ዋጋው የሚያስከፍለው ትምህርት ውድ ነው።

ስዊዘርላንዶች በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በበርን የሠሩት 06/29 የሚባለው ግን ሊታለፍ አይገባም። ጦርነት አላየም፣ በጥንቃቄ ተይዟል፣ አሠራሩ ድንቅ ነው። ወታደሩ አገልግሎቱን ሲጨርስ ሽጉጡን የራሱ ማድረግ ይችል ስለነበር «ፒ» ተመትቶባቸው የሚገኙ አሉ። የጦር ሜዳ ታሪክ ለማይፈልግና ንጹሕ ቀለም ለሚወድ ሰው፣ ከታደሰ የ1917 ሽጉጥ ይህ በብዙ ይሻላል።

አሁን ሦስተኛው፣ የሶቪየቶች ምርኮ። ቀይ ጦር የማረካቸውን ሉገሮች በትኖ አጽድቶ ገጣጠማቸው። ሲገጣጠሙ ቁጥሩን የሚመለከት አልነበረም፤ በኋላም በጨው ገንዳ ተነከሩ። ስለዚህ ክፍሎቹ የተቀላቀሉ፣ ቀለሙ አዲስ ነው። ሆኖም ይህም የራሱ ታሪክ አለው፤ እንደ ምስራቅ ግንባር ምርኮ ተሽጦ ዋጋው ዝቅ ካለ እቃወመው ዘንድ ምክንያት የለኝም። የምቃወመው «ሁሉም የራሱ» ተብሎ ሲሸጥ ነው። የምሥራቅ ጀርመን ፖሊስ የተጠቀመባቸውም አሉ፤ የክብ ኢላማ ቅርጽ ባለው ፕላስቲክ እጀታቸው ትለዩአቸዋላችሁ።

ከ1968ቱ ሕግ ወዲህ ወደ አሜሪካ የሚገባ መሣሪያ የአስመጪው ስም ይቀረጽበታል። በብዙ ሰብሳቢ ዘንድ ይህ ጽሑፍ ዋጋ ይቀንሳል። የሌለበት ሽጉጥ ቀድሞ የገባ፣ ምናልባትም ወታደር ያመጣው ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎችም ይህ ጽሑፍ ተቀርጾባቸው በአሜሪካ ገበያ ታይተዋል። አብዛኞቹ ክፉኛ ያረጁ ናቸው፤ ፈረንጅ ሰብሳቢ በርካሽ ያልፋቸዋል። ለእኛ ግን ዋጋቸው በሌላ ሚዛን ነው። እነሱን የሚገዛ የአገሬ ሰው ቢኖር ደስታዬ ነው፤ እንዳያድሳቸው ብቻ አደራ።

አፎት፣ ወረቀትና ወሬ

የዘመኑ የቆዳ አፎት ከነመፍቻ መሣሪያው ጥሩ ጭማሪ ነው። ዓመቱና የሠሪው ስም ውስጡ ወይም ጀርባው ላይ ይመታል። አፎቱ 1938፣ ሽጉጡ 1916 ከሆነ በኋላ የተጣመሩ ናቸው፤ ዋጋውን ለየብቻ ገምቱ።

የአሜሪካ ወታደር የማረከውን መሣሪያ ወደ አገር ለማስገባት ከአዛዡ የተፈረመ ወረቀት ያስፈልገው ነበር። ወረቀቱ ላይ የሽጉጡ ቁጥር ካለና ከገጠመ ዋጋው ከፍ ይላል። ቁጥር የሌለው ወረቀት የየትኛውም ሽጉጥ ሊሆን ይችላል። «የጄኔራል ነበር» የሚል ወሬ ደግሞ በነጻ ስሙት፤ ገንዘብ አትክፈሉበት።

ዋጋውን እንዴት ትቆርጣላችሁ?

ሻጮች የሚጠይቁትን ዋጋ አትዩ፤ በጨረታ በትክክል የተሸጠበትን እዩ። የምትፈልጉትን አምራች፣ ዓመትና ይዞታ የሚመስሉ ሽጉጦች በምን ዋጋ እንደተሸጡ ጻፉ። ከዚያ ቀንሱ። እንደ ልማድ ብዙ ሰብሳቢዎች እንደገና ለተቀባ ሽጉጥ ከግማሽ ብዙም አያልፉም። ለምሳሌ ቁጥሩ ሁሉ የገጠመና ቀለሙ የራሱ የሆነው 2,000 ዶላር ካወጣ፣ ታድሶ ቁጥሩ የገጠመው 1,000 ወይም 1,200 ላይ ይነገራል። ታድሶም ክፍሉም የተቀላቀለው ከዚያ በታች ነው። ከላይ ያሉት ሦስቱ በተቀራራቢ ዋጋ ቀርበው የመጀመሪያውን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው በግማሹ ቢቀርቡ ደግሞ፣ መተኮስ ለሚፈልግ ሰው እነሱ ይሻሉታል፤ የሚበላሽ ታሪክ የላቸውምና።

በኢንተርኔት የምትገዙ ከሆነ ፎቶ ጠይቁ። በተፈጥሮ ብርሃን፣ ሁለቱም ጎን፣ ከበርሜሉ ሥር ያለው ቁጥር፣ እያንዳንዱ ትንሽ ክፍል፣ እጀታው ወልቆ ውስጡ። «አላውቅበትም» ብሎ የሚያመልጥ ሻጭ መመለሻ ጊዜ ይስጣችሁ፤ እሱንም እምቢ ካለ ሌላ ሉገር አይጠፋም።

ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ አሸዋ ወረቀት፣ የብረት ሱፍና የሚያብረቀርቅ ቅባት አታስጠጉት። ስስ ዘይት በጨርቅ ጥረጉት፤ በባዶ እጅ ከነካችሁት እንደገና ጥረጉት፣ ላብ ያዝገዋል። ጥይቱን ለይታችሁ፣ ሽጉጡን ቆልፋችሁ አስቀምጡ። አፎቱ ውስጥ ግን አታሳድሩት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበት ኬሚካልም ብረት ይበላል፤ መቶ ዓመት የቆየ ቀለም በአንድ ክረምት ሊጎዳ ይችላል። አፎቱን ከጎኑ ለብቻው አኑሩት።